ያላነበብኩት ዓረፍተ ነገር

«አንቺ አንባቢ ነሽ እንጂ ጸሐፊ አይደለሽም። የተሰጠሽን አንብበሽ ትወርጃለሽ፤ አለቀ።»

ይህን ፊት ለፊቴ ቆሞ ያለኝ የመንደራችን ካድሬ ጓድ ተፈራ ነው። ለሸንጎው የሚወዳደሩት ዕጩዎች ሊቀሰቅሱን ከሚመጡበት ቀን በፊት በነበረው ከሰዓት፣ በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ። እጄ ላይ በታይፕ የተመታ ሁለት ገጽ ወረቀት ነበር። የመንደሩን ሴቶች ወክዬ የማነበው የድጋፍ መግለጫ ነው። እኔ ያልጻፍኩት፣ ሴቶቹም ያልሰሙት፣ ከከተማ ተመትቶ የመጣ የእኛ ድምፅ። የጠየቅሁት ነገር ቢኖር ከሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይውጣልኝ ብቻ ነበር።

«ለምን ሲባል?» አለኝ።

«ውሸት ስለሆነ» አልኩት።

ያን ጊዜ ነው አንባቢ ነሽ እንጂ ጸሐፊ አይደለሽም ያለኝ። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደሚመክር ሰው ትከሻዬን ነካ እያደረገ፣ የይለፍ ወረቀቴ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ፣ ቅስቀሳው በሰላም ካለፈ ወዲያው እንደሚፈርምልኝ ነገረኝ። በሰላም ካላለፈ ምን እንደሚሆን አልነገረኝም። መናገርም አላስፈለገውም።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ላስተዋውቃችሁ። ስሜ ሰዓዳ ነው፤ የወሎ ልጅ ነኝ። በድርቁ ጊዜ እናቴን መጠለያው አጠገብ ቀብረን፣ እኔና አባቴ ከብዙ ሰው ጋር በአውቶቡስ ተጭነን መጣንና አሶሳ ዙሪያ ከተቆረቆሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ገባን። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። የተቋረጠውን ትምህርቴን አሶሳ ከተማ በተማሪ ፈቃድ እየተመላለስኩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አደረስኩት። ከዚያ በኋላ እዚያው መንደር መሠረተ ትምህርት እያስተማርኩ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ እግሬ አያርፍም፣ አፌም እንደ እግሬ ነው። ጎረቤታችን እትዬ ፈንታዬ «አንቺን የሚያገባ ሰው አስቀድሞ ጆሮውን በጥጥ ይድፈን» ትለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን የመምህራን ማሠልጠኛ ተቀብሎኝ ነበር። ደስታዬን ግን እንዳልጨርሰው የሚያደርግ አንድ ነገር ነበር፤ ሰፋሪ ያለ ይለፍ ወረቀት ከመንደሩ አይወጣም። መንገዱ ላይ ኬላ አለ፣ ኬላው ላይ ጠብመንጃ አለ። ይለፉን የሚፈርመው ደግሞ ጓድ ተፈራ ነው። እንግዲህ ነገሩ ግልጽ ነው። ወረቀቱን ካነበብኩ አስተማሪ እሆናለሁ፤ ካላነበብኩ እዚያ ቁጥር ውስጥ እቀራለሁ።

ዓረፍተ ነገሩ ይህ ነበር፦ «ሰው ባልነበረበት፣ የአውሬ መፈንጫ በነበረ ጠፍ ምድር ላይ ፓርቲያችን ሕይወትን ዘራ።»

አማርኛው ያምራል፤ እሱን አልክድም። ችግሩ ሰው እንደነበረበት እኛ በሚገባ ማወቃችን ነው። ያወቅነው ደግሞ በጥፋት ነው።

መጀመሪያ እንደመጣን የሥራ ምድቦች ተቋቁመው መሬት እንድንመነጥር ታዘዝን። የደጋ ሰዎች ነን፤ ማንጎ የሚባል ነገር አናውቅም። ትልልቅ፣ ጥቁር አረንጓዴ ዛፎች አየን፤ ዱር ነው ብለን መጥረቢያ አነሳን። ጥሬ ፍሬውን ደግሞ ድንች መስሎን ቀቀልነው። እትዬ ፈንታዬ እስከ ዛሬ ያ ቅቅል ትዝ ሲላት ፊቷን ታጨማድዳለች። አባቴ ይማም በዚያ ሳምንት አንዱን ትልቅ ዛፍ ብቻውን ጣለ። ጉልበት ነበረውና ኮርቶ ነበር።

በማግስቱ አንድ ሽማግሌ ከወንዙ ማዶ መጥተው ከወደቀው ዛፍ አጠገብ ተቀመጡ። ሼህ ኸሊፋ ይባላሉ፤ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ናቸው። አልጮኹም፣ አልተራገሙም። ሰዎቹ ሥራ እስኪፈቱ እንደተቀመጡ ዋሉ። አባቴ ጨነቀውና ሄዶ ምን ሆኑ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም በተሰባበረ አማርኛቸው «ይሄ ዛፍ ሙሳ ነው። ወንድም ነው፣ የኔ» አሉት።

ነገሩ ቀስ እያለ ገባን። በእነሱ ቤት ልጅ ሲወለድ አባትየው ማንጎ ይተክላል፤ ዛፉም በልጁ ስም ይጠራል። ሰውየው ቢሞት እንኳ ዛፉ በስሙ እየተጠራ ፍሬ ይሰጣል። ሙሳ የሼህ ኸሊፋ ታናሽ ነበር፤ ሞቷል። ዛፉ ቀርቶ ነበር፤ እሱን አባቴ ጣለው። መሬቱ ለሰፈራ ሲከለል እነሱ ከወንዙ ማዶ ሂዱ ተብለዋል፤ ቤት ሊነቀል ይችላል፣ ማንጎ ግን ተነቅሎ አይሄድም።

አባቴ በአገራችን ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ሁለት የወሎ ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ ይቅርታ ለመነ። ሼህ ኸሊፋ ድንጋዩን ከትከሻው በገዛ እጃቸው አወረዱለት። ከዚያ ወዲህ ወዳጆች ናቸው። በመንደራችን መካከል የቀረው ትልቁ ማንጎ ደግሞ የታላቅ እኅታቸው ነው፤ ኸዲጃ ይባላል። ኸዲጃ ራሷም በሕይወት አለች። ገበያ ስትሄድ ትመጣና ከሥሩ አረፍ ትላለች። ግንዱን መታ መታ ታደርገዋለች፤ ልክ ሰው የከብቱን ጎን እንደሚመታ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ አባቴ ደጅ ላይ ተቀምጦ የመቆፈሪያ እጀታ ይጠርብ ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩለት። ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ መጥረብ አቆመ፤ ስጨርስ እንደገና ጀመረ። አባቴ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። እኔ የምናገረው የእሱንም ድርሻ ጨምሬ ይመስለኛል።

«ምን ላድርግ?» አልኩት።

እጀታውን ገልበጥ አድርጎ አየ። በኋላ ዓይኑን ከእንጨቱ ሳያነሳ «ወረቀት ነው፣ ልጄ። አንብቢውና ሂጂ» አለኝ። ከዚህ እንድወጣ ከማንም በላይ የሚፈልገው እሱ ነበር። እናቴን ቀብሮ ያመጣት አንዲት ልጅ መሬት ስትመነጥር እንድታረጅ አይፈልግም። «ሼህ ኸሊፋ አይቀየሙሽም። እነሱ እንደሆኑ ብዙ ሰምተዋል» አለ።

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር አናደደችኝ። ብዙ ሰምተዋል ማለት ከእኔም ይስሙ ማለት ነው? ግን አልመለስኩለትም። በሕይወቴ ዝም ካልኩባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ነው። ላነብ ወሰንኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ላነብ ወስኜ ነው የተነሳሁት።

በማግስቱ ጠዋት ደወሉ ተመታ። ደወል የምንለው ከግንድ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ ለሥራም ለስብሰባም እሱ ነው የሚጠራን። ግንቦት ነበር፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ፀሐይዋ ከጭቃው ጋር ተጣልታ የምታቃጥልበት ወቅት። ጓድ ተፈራ ሰው የሚያስጠልል ቦታ ፈልጎ በመንደሩ ሁሉ ያገኘው አንድ ጥላ ብቻ ነው፤ የኸዲጃ ማንጎ። የዕጩዎቹን የጭነት መኪና ከሥሩ አስጠጋ፤ የመኪናው ጀርባ መድረክ ሆነ። ጨርቁን፣ ባንዲራውን፣ የድምፅ ማጉያውን ከቅርንጫፎቹ ላይ አሰሩት። ምኑን ማን ላይ እየሰቀሉ እንደሆነ አንድም ሰው አላሰበም።

የማዶዎቹም ተጠርተው መጥተዋል፤ መራጮች ናቸውና። ከጥላው ዳር፣ ፀሐዩ በሚጀምርበት መስመር ላይ ተቀመጡ። ሼህ ኸሊፋ ከፊት ናቸው፣ ኸዲጃ ነጭ ሻሽ አስራ ከጎናቸው።

ዕጩዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱንም ያቀረበው አንዱ ፓርቲ ነው። ማንበብ ለማይችለው ሰው ምልክት ተሰጥቷቸዋል፤ ዝሆን፣ ቀጭኔ፣ አውራሪስ። እኔ የመጀመሪያ ድምፄን የምሰጥ ሰው ነኝ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ጆሮውን እንደ እኔ ከፍቶ የመጣ የነበረ አይመስለኝም። ለመምረጥ ልዩነት ያስፈልጋል ብዬ ልዩነት መፈለግ ጀመርኩ። ዝሆኑ ተናገረ፤ ደንዳና፣ ድምፀ ጎርናና ሰው ነው። ቀጭኔው ተከተለ። ዝሆኑ «ድልን እንቀዳጃለን» ያለበት ቦታ ላይ ቀጭኔው «ድሉን እናጣጥማለን» አለ። ልዩነቱ ይኼው ነበር። አውራሪሱ ወጣት ነው፤ ተራው ሲደርስ ወረቀቱን አየ፣ ጓደኞቹን አየ፣ ያንኑ አነበበ።

ቤት ሰጠናችሁ አሉ። ቀርከሃውን ከጫካ በትከሻችን ያጋዝነው፣ የማገርነው፣ ሣሩን የከደንነው እኛ ነን። ስጦታ ያሉት ምኑ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ምናልባት ቁጥሩ ይሆናል። በፈቃዳችሁ መጥታችሁ አሉ። እኔና አባቴ አዎ፤ ርሃብ ፈቃድ ከተባለ በፈቃዳችን መጥተናል። እትዬ ፈንታዬ ግን ጨው ልትገዛ ወጥታ ከገበያ መሐል ተጭና የመጣች ሴት ናት፤ የያዘችው ቅርጫት እስካሁን ግድግዳዋ ላይ ተንጠልጥሏል። «በፈቃዳችሁ» በተባለ ቁጥር ትስል ነበር። ዝሆኑ ሲናገር ሳለች፣ ቀጭኔው ሲናገር ሳለች፣ አውራሪሱ ላይ ስትደርስ ከጎኗ ያሉት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጓድ ተፈራ ውኃ እንዲሰጣት አዘዘ።

ሦስቱም ደግሞ ያቺን አሏት። ሰው ያልነበረበት ምድር። አንደኛው ሲል ሼህ ኸሊፋ ቀና አሉ። ሁለተኛው ሲል ኸዲጃ ወደ ወንድሟ ጠጋ ብላ በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቀች፤ እሳቸውም መለሱላት። ምን እንደተባባሉ በኋላ ነው የነገሩኝ። «ምን ይላል ሰውዬው?» ብላ ጠየቀች፤ «እኛ የለንም ይላል» አሏት። ሦስተኛው ሲል ኸዲጃ ዛፉን ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ወንዙ አዞረች። ያን አየሁ። ዝም ብላ ያዞረችው ፊት ነው ነገሬን ያበላሸው። ወይም ያስተካከለው።

«የመንደሩን ሴቶች ወክላ ጓዲት ሰዓዳ ይማም» ተባልኩ።

መኪናው ላይ ወጣሁ። ድምፄ ጥሩ ነው፤ ለዚህም ነው የመረጡኝ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳልደናቀፍ ተወጣሁት። ሁለተኛውን ገለጥኩ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ከላይ ሦስተኛ መስመር ላይ ነበረች። ከእሷ በፊት ያለችውን ጨረስኩና ቆምኩ። በዚያች ዝምታ መሐል አንድ የበሰለ ማንጎ ከላይ ተላቅቆ የመኪናውን ጣራ ጓ አድርጎ መታው። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ መሰለኝ፤ ከዚያ በኋላ ፍርሃቱ ከእኔ ጋር አልነበረም።

«ጓዶች፣ ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር አላነበውም» አልኩ።

ጓድ ተፈራ ከታች ዓይኑን አፈጠጠ። ዝሆኑ ግን መድረክ የለመደ ሰው ነው፤ ፈገግ ብሎ «ጽሑፉ አይታይም እንዴ፣ እኅቴ?» አለኝ።

«ይታያል። እዚህ ምድር ሰው አልነበረም ይላል። እናንተም ተራ በተራ ብላችሁታል። ከጠዋት ጀምሮ የቆማችሁበት ጥላ ታዲያ የማን ነው?»

«የተፈጥሮ ነዋ። የሰፊው ሕዝብ ነው።»

«ስም አለው። ኸዲጃ ይባላል። ባለስሟ ነጭ ሻሽ ያሰሩት እኚያ እናት ናቸው። በተወለዱ ጊዜ አባታቸው ናቸው የተከሉት። እኛ ከመጣን ገና ምኑን ያህል ነው፤ እዚህ ዛፍ ላይ አንዲት ቅጠል አልጨመርንም።» ድምፄ በማጉያው ተመልሶ ከሩቅ ሲመጣ ይሰማኛል፤ የእኔ አልመስል አለኝ። «እኔ መራጭ ነኝ። ያደረጋችሁትን ንገሩን፣ እንሰማለን። ለማሳመር ብላችሁ ግን ሰው አትሰርዙ። ዛሬ እነሱን የለም ካላችሁ፣ ነገ ሌላ ቦታ ሄዳችሁ እኛንም የለም ትላላችሁ።»

ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም አልተቃወመም።  ጓድ ተፈራ የመኪናውን ጎን ይዞ መውጣት ሲጀምር፣ «ይህቺ ልጅ አሞኛል ስትል ነበር» ሲል፣ ከወንዶቹ መሐል አንድ ሰው ተነሳ። መጀመሪያ አላወቅሁትም። አባቴ በስብሰባ መሐል ሲነሳ አይቼ አላውቅማ።

ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ ይማም እባላለሁ፣ አባቷ ነኝ» አለ። «አልታመመችም። ከእነዚህ ዛፎች አንዱን የቆረጥኩ እኔ ነኝ። ባለቤቱ መጡ፣ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ ይቅር አሉኝ። ሰው ባይኖርበት ኖሮ ማን ነው ይቅር ያለኝ?»

ይህን ብሎ ተቀመጠ።

ከዚያ እትዬ ፈንታዬ ሳለች። በዚህ ጊዜ ግን ብቻዋን አልነበረችም። ሴቶቹ ሁሉ፣ እንደ ጉንፋን ተያይዘው፣ ከዳር እስከ ዳር ሳሉ። ጓድ ተፈራ ለዚያ ሁሉ ሰው ውኃ ከየት ያምጣ?

ዝሆኑ ነገሩ ከእጁ ሊወጣ መሆኑን አየና ማጉያውን ከእኔ ተቀብሎ፣ ይህ ገንቢ ሂስ ነው፣ ሂስ የፓርቲያችን ባህል ነው፣ ለጓዲቷ ይጨብጨብ አለ። ጭብጨባውን ሳምንቱን ሙሉ ስንለማመድ ስለከረምን እንደ አንድ ሰው አጨበጨብን። ወረቀቴን አጥፌ ወረድኩ። የቀረውን መግለጫ ማንም አላነበበውም፤ ማንም የት ደረሰ ብሎ አልጠየቀም።

ስወርድ ሼህ ኸሊፋ ተነስተው ጠበቁኝ። እሳቸው አማርኛ ሲናገሩ ሴቱም ወንዱም አንድ ነው። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ዛሬ የኸዲጃ ስም ማይክራፎን ገባ።» ኸዲጃ ደግሞ ከጣራው ላይ ተንከባሎ የወደቀውን ማንጎ አንስታ፣ ጭቃውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ሰጠችኝ።

ሁለት ቀን ሳይሞላ ከወዲያኛው መንደር ወሬ መጣ። እዚያ ሦስቱም ዕጩዎች የተናገሩት «ጥቂት ሰው በነበረበት ምድር» ብለው ነው። እትዬ ፈንታዬ ስትሰማ በሳቅ ወደቀች። «አዬ ልጄ፣ ከምንም ወደ ጥቂት አደረስሻቸው» አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ፤ ግን አስቡት። ከላይ ተጽፎ ተመትቶ የመጣ ንግግር ነው። አንድም ቃል የሚነካው የለም የተባለ ንግግር ነው። እኔ የይማም ልጅ፣ ከቁጥር መንደር፣ አስለወጥኩት። ጥቂት ይሁን እንጂ አስለወጥኩት።

ጓድ ተፈራ አስጠራኝ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮኸም። ይለፉን ፈርሞ፣ ማኅተም አሳርፎ፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። ዓይኔን አላመንኩም።

«የእህል መኪና ነገ ጠዋት ወደ ከተማ ይሄዳል። በእሱ ትሄጃለሽ» አለኝ።

«ምርጫውስ?»

«አንቺ ከሌለሽ ምርጫው በሰላም ይካሄዳል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ወረቀቱን የፈረመው ወድዶኝ ሳይሆን በድምፅ መስጫው ቀን እዚያ እንዳልገኝ ነው። የምፈልገው ነገር ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ዋጋው ደግሞ አንዲት ድምፅ። ብትጎድል ማንም የማያስተውላት፣ ማንም የማያውቃት የእኔ ድምፅ።

ወረቀቱን አነሳሁ። «መርጬ እሄዳለሁ» አልኩት። በማግስቱ የእህሉ መኪና ያለ እኔ ሄደ።

የምርጫውን ቀን ከመንገሬ በፊት ለእናንተ ለምታነቡኝ አንድ ነገር ልበል። ዛሬ በሌላ አገር፣ በሌላ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የቅስቀሳ ንግግር ሰምቻለሁ፤ ተናጋሪው ይለያያል፣ ማጉያው ይሻሻላል። እኔ ግን አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ አሁንም ሳላፍር እመክራለሁ። ተስፋውን አትስሙ፤ ተስፋ ሁሉም ያውቅበታል። ስለ ትናንት የሚሉትን ስሙ። ስለምታውቁት ትናንት የሚዋሽ ሰው ስለማታውቁት ነገ እውነቱን ሊነግራችሁ አይችልም። ተናጋሪው የማን ጥላ ሥር እንደቆመ እዩ። ደፋር ነበርሽ የሚሉኝ አሉ። እኔ የአባቴን ያህል አልደፈርኩም። እኔ የወጣሁት ተጠርቼ፣ ማይክራፎን ተሰጥቶኝ ነው። እሱ ማንም ሳይጠራው ነው የተነሳው። የእሱ ልጅ መሆኔን ሳስብ አሁንም አንገቴ ቀጥ ይላል።

የምርጫው ቀን ፀሐይ ነበር። ጓድ ተፈራ የድምፅ መስጫውን ከማንጎው አርቆ፣ በቆርቆሮው የእህል መጋዘን ውስጥ አደረገው። እልህ ነው ሌላ አይደለም። ሰልፉ ደጅ ላይ፣ ራቁት ፀሐይ ላይ ሆነ። ሕዝቡ ምን አደረገ መሰላችሁ? እያንዳንዱ ሰው በተራው ቦታ ላይ አንድ ድንጋይ አኖረና ሄዶ ማንጎው ሥር ተቀመጠ። የእኛም የማዶዎቹም ድንጋይ በአንድ መስመር ተሰለፈ። ሰው ከጥላው እየተነሳ ይመርጣል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ከከተማ የመጡት ታዛቢዎች በሩ ላይ ሆነው ድንጋዮቹን እያዩ ይሳሳቁ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ድንጋዬን በእግሬ ገፋ አድርጌ ገባሁ። ለማን እንደሰጠሁ አልናገርም። ድምፅ ሚስጥር ነው ብለውናል፤ ከነገሩን ሁሉ እስካሁን የያዝኩላቸው እሱን ብቻ ነው።

ስወጣ ጓድ ተፈራ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ጥርሱን ሳይገልጥ እጁን ዘርግቶ «ወረቀቱን መልሺ» አለኝ።

ወደ ታዛቢዎቹ ዞርኩ። «ጓዶች» አልኳቸው ጮክ ብዬ፣ «ጓድ ተፈራ የይለፍ ወረቀቴን ፈርመውልኛል፤ ማሠልጠኛ ልገባ ነው። ስትመለሱ መኪናችሁ ላይ ቦታ ይኖራል?» ወረቀቱን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው፤ ማኅተሙ በፀሐዩ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ከታዛቢዎቹ አንዱ፣ ሽበት የጀመረው ሰው፣ እንኳን ደስ ያለሽ፣ እኛ ግን ድምፅ ቆጥረን እስክንጨርስ አንንቀሳቀስም አለኝ። ለጓድ ተፈራም እንዲህ ያሉ ልጆች ማፍራታችሁ ያኮራል አለው። ጓድ ተፈራ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

«እንግዲያው በእግሬ እሄዳለሁ» አልኩ።

አባቴ ማንጎው ሥር ጥቅሌን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር። እትዬ ፈንታዬ ያን የጨው ቅርጫቷን ከግድግዳዋ አውርዳ ቆሎ ሞልታበታለች። ኸዲጃ ግንዱን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ሳልፍ እጄን ይዛ ግንዱ ላይ አስነካችኝ። አባቴ እስከ ወንዙ ሸኘኝ። ውኃው ሞልቶ ስለነበር ጥቅሉን በራሱ ላይ አድርጎ ቀድሞኝ ተሻገረ፤ ማዶ ላይ ጥቅሉንም ቅርጫቱንም አስያዘኝ።

«ተናገሪ» አለኝ፣ «ግን መብላትም አትርሺ።»

ጥቅሉን ተሸክሜ፣ ወረቀቱን መቀነቴ ውስጥ አስሬ፣ የኬላውን መንገድ ያዝኩ።